ከበቅሎ ኮርቻ እስከ ጋቢና፤ የመኪና ፍቅርና የአነዳድ ልማድ በኢሉባቦር መንገድ

ከመቱ ወደ ጎሬ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ አስፋልቱን ይዞ ለሚጓዝ መንገደኛ ይህ ርቀት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ተሳፋሪው አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ጨዋታውን በወጉ ሳይጀምር ከተማው ይደረሳል። ይህ ጸሐፊ ልጅ በነበረበት ዘመን ግን፣ በተለይም ዝናሙ በሚበረታባቸው ወራት፣ ይኸው 25 ኪሎ ሜትር ከጧት እስከ ማታ የሚፈጅበት፣ አንዳንዴም ተሳፋሪው ከጫካው ዳር እሳት አንድዶ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም የምታገኝ ከተማ ናት። በዚህ አገር ባለቤቱ ዝናሙ ነው፤ መኪና እንግዳ ነው።

ስለሆነም የጎሬ ልጅ መኪናን ከማየቱ አስቀድሞ ይሰማት ነበር። ከዳገቱ ሥር የሞተር ጩኸት ሲነሣ ሁላችንም ከያለንበት ብድግ ብለን ጆሯችንን እናቀና ነበር። ማርሽ ሲቀንስ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ጥቂት ጸጥ ብሎ እንደገና ሲነሣ፣ ከመካከላችን አንዱ የመኪናይቱን ዓይነት፣ ሌላው የጭነቱን ክብደት፣ በዕድሜ ከፍ ያለው ደግሞ የሾፌሩን ማንነት ይናገራል። መኪናይቱ ብቅ ስትል የተሳሳተው ይሳቅበታል። ከእነዚህ ልጆች መካከል አባቱ መኪና የነበረው አንድም አልነበረም። ይሁን እንጂ ስለ መኪና ፍቅር ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ልጆች ዘልሎ ባለ መኪናዎቹን ብቻ ቢቆጥር ታሪኩ ጎደሎ ይሆንበታል ብዬ አምናለሁ።

እስከ ዛሬ የተጻፈው ግን በአመዛኙ እንዲህ ያለ ነው። የመኪና ታሪክ በአገራችን ሲነሣ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል፤ በቤተ መንግሥት አጥር ዙሪያ ጥቂት ይንሸራሸርና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያበቃል። እኔም ከዚያው ማለፌ አይቀርም። ዳሩ ግን ከዚያ በፊት በኢሉባቦር ሰውንና ጭነቱን ይዞ ይሄድ የነበረው ማን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ያ ተጓዥ በቅሎ፣ ፈረስ፣ አህያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ጀርባ ነበር። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. እስከ ነጭ ዓባይ የዘለቀው ዘመቻ የተጓዘው በእግርና በከብት ነው። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ከደጋው እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ እንቆቅልሽ አለ። መርከቡ ወደ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ፣ ይኸውም በክረምት ነው። ነጋዴው ደግሞ ከጎሬና ከቡሬ ዳገት ቡናውን ይዞ መውረድ የሚችለው በበጋ ነው። ወንዙ ሲከፈት የብሱ ይዘጋል፤ የብሱ ሲከፈት ወንዙ ይጎድላል። በመሆኑም ቡናው በበጋ ወርዶ በጋምቤላ መጋዘን ክረምትን ይጠብቅ ነበር። ከ2000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ የሚወርደውን ያን ቁልቁለት ነጋዴው፣ አህያውና ተሸካሚው ለአያሌ ዓመታት ተመላለሱበት። መኪና ወደዚህ አገር ስትመጣ የተጠበቀችው ይህን እንቆቅልሽ እንድትፈታ ነበር፤ ነገር ግን እርሷም የበጋ ፍጥረት ሆና ተገኘች።

የከብቱ ዘመን ለመኪናው ዘመን ያወረሰው አንድ ነገር ቢኖር ስም ማውጣት ነው። በአገራችን ባላባትና ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር የታወቀ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የጅማው አባ ጅፋርም በታሪክ የምናውቀው በፈረስ ስሙ ነው። ፈረሱ የጌታው መታወቂያ፣ ጌታውም የፈረሱ መጠሪያ ነበር። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ዎልስሌ የተባለችውን መኪና በረሃና ገደል እያቋረጠ፣ አንዳንድ ቦታም በሰው ጉልበት እያስጎተተ አመጣት። አፄ ምኒልክ ከዚያ አስቀድሞ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አይተው ስለነበር ለመኪና አዲስ አልነበሩም፤ ሕዝቡም ‹የሰርኪስ ባቡር› ብሎ ሰይሞት ነበር። ከቤንትሌ ጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። ይህ ሁለተኛው ሰው ለእኛ ከመጀመሪያው የበለጠ ቁም ነገር አለው። ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የመኪና አነዳድና ጥገና እንዲማር በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ አብሮት ሄዷልና። ይህም ሰው በኋላ ነጋድራስ የተባለው ተሰማ እሸቴ ነው።

ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ስለ ሞተርና ስለ መሪ ተማረ፤ እግረ መንገዱንም ዜማውን በሸክላ አስቀርጾ ተመለሰ። እነዚያ ሸክላዎች ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ቅጂዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች አንዱ ከመጀመሪያዎቹ የሸክላ ድምፃውያንም አንዱ ሆነ ማለት ነው። ይህን አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሾፌርና ዘፈን ከመነሻቸው አንድ ጋቢና ውስጥ መቀመጣቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ሲለያዩ አላየሁምና።

ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አውቶሞቢል የቤተ መንግሥት፣ የቆንስላዎችና የጥቂት መኳንንት ዕቃ ሆና ቆየች። ለኢሉባቦር ሕዝብ ሞተር ዋና ጉዳይ የሆነው በ1928 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ የጣልያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ ከ1500 በሚበልጡ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ፤ ጣርማ በር ላይ ዝናምና ጭቃ ቢያዘገየውም ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ የተረፈው የኢትዮጵያ መንግሥት የሙጥኝ ያለው ጎሬን ነበር። ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በጎሬ ሆነው የነፃነትን መንግሥት ስም ያዙ፤ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ምሁራን ያቋቋሙት ጥቁር አንበሳም በዚያው በምዕራብ ተንቀሳቀሰ።

ለመሆኑ ጎሬ እስከ ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ድረስ ሳትያዝ እንዴት ቆየች? የአርበኛው ጽናት አንድ ነገር ነው። ሌላው የዝናሙ ጽናት ነው። ክረምቱ የምዕራቡን መንገድ በዘጋበት ወራት በመኪና የሚተማመን ጦር ወደዚህ ለመድረስ አልቻለም ነበር። አባቶቻችን ዘወትር የሚያማርሩት ጭቃ በዚያ ክረምት ለአገር ወሰን ጠባቂ ሆነ። በጎሬ መንገድ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮበት የተራገመ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ጣልያን በአምስት ዓመት ቆይታው መንገድ ሠራ፤ ለራሱ ወታደርና ለራሱ መድፍ የሠራው መንገድ ነው። አዲስ አበባን ከጅማ ጋር ያገናኘው ሥራ በዚያ ዘመን የተከናወነ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ግን ይበልጡን በበጋ ብቻ የሚያስኬድ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የምዕራቡ የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ በሰዮ፣ ማለትም በደምቢ ዶሎ፣ እጁን ሲሰጥ፣ እርሱና መሰሎቹ ጥለዋቸው የሄዱት የጭነት መኪናዎች ለኢትዮጵያ የማመላለሻ ሥራ መነሻ ሆኑ። ከመኪናዎቹ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ግን ቋንቋው ነው።

እስቲ አንድ የኢሉባቦር ሾፌር መኪናው ስትበላሽ የሚናገረውን በጥሞና እንስማው። ፍሬኑን ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይይዛል፣ ካምቢዮውን ያንቀሳቅሳል። ከጋቢናው ይወርድና ኮፈኑን ይከፍታል። ካንዴላው ተቃጥሎ እንደሆነ ያያል። ጎማው ከተነፈሰ ክሪኩን ያወጣል፣ ቸርኬውን ይፈታል፣ ካላማዳሪውን ይለጥፋል። ባሌስትራ ተሰብሮ፣ ፓራውልት ተጣሞ፣ ፍሬቻ ጠፍቶ፣ ስፖንዳ ተገንጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ካቻቢቴና ፒንሳ አለለት። ከእነዚህ ቃላት መካከል ከጣልያንኛ ያልመጣ ቢገኝ ጥቂት ነው። ‹መኪና› የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች በፈረንሳይኛው አጠራር ‹ኦቶሞቢል› ይሉት ነበር። ‹ሾፌር› እና ‹ጋራዥ› ደግሞ ከፈረንሳይኛ የቀሩልን ናቸው። ሕዝቡ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ እንደ ራሱ ንብረት አስፋፍቶ ተገለገለበት፤ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እያለ ሞተር የሌለውንም ጠራበት። የኦሮሞ ተናጋሪው ወገን በአንድ በኩል ‹መኪና›ውን እየተጠቀመ፣ በሌላ በኩል ከመንከባለል ግስ ‹ኮንኮላታ› የሚል ቃል ከራሱ ቋንቋ አወጣ። ይህ ሁለተኛው ስም የሚንከባለለውን ጎማ ያሳያልና እኔ እንደ ቋንቋ መምህር እጅግ ያምረኛል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ጣልያን ‹ካቴና› የሚለው ሰንሰለትን ነው። ክረምት ሲገባ በጭቃ ላይ እንዳይንሸራተት በኋላ ጎማ ላይ የሚታሰረውም ሰንሰለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ካቴና የእስረኛ የእጅ ብረት ሆኖ ቀረ። የጎማውን ሰንሰለት ‹ሰንሰለት› አልነው፤ ካቴናን ለታሰረ ሰው ተውንለት። ቃላት ከየት መጥተው በምን ሁኔታ እንደ ገቡብን ከዚህ ይበልጥ የሚናገር ምሳሌ አላገኘሁም።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የመንገድ ጥገናና ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር፣ የኢሉባቦርም መንገድ ቀስ በቀስ ጠጠር አገኘ። ከጅማ በአጋሮ፣ በበደሌና በመቱ አድርጎ ጎሬ የሚደርሰው መንገድ የቡናው አውራ መንገድ ሆነ። በዚህ መንገድ ላይ የነገሡት የፊያት የጭነት መኪናዎች ናቸው። አሮጌው 634 ‹ትሬንታ ኳትሮ› ይባል ነበር፤ በኋላ የመጣው 682 ደግሞ ከዓይነቱ መለያ ፊደልና ቁጥር ‹ኤንትሬ› የሚል ስም አገኘ። ለእኛ ኤንትሬ የፋብሪካ ስም መስሎ ታይቶን አያውቅም፤ የአንድ ጉልበተኛ ሰው ስም ይመስለን ነበር።

የአነዳድ ልማድ የምለው ነገር የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ብቻውን አይሠራም፤ ረዳት አለው። ረዳቱ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የወጣ ወጣት ነው። ጭነት ይጭናል፣ ያራግፋል፣ መኪናይቱን ያጥባል፣ ሌሊት ከሥሯ ይተኛል። ዋና ሥራው ግን ታኮ ነው። መኪናይቱ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሳት፣ ረዳቱ ከስፖንዳው ላይ ዘልሎ ይወርድና ታኮውን ይዞ ከኋላ ጎማ ጎን ይሮጣል፤ ወደ ኋላ ማለት በጀመረች ጊዜ ከጎማው ሥር ይወትፋል። አንዲት ቅጽበት ቢዘገይ መኪናይቱ ከነጭነቷ ገደል ትገባለች፤ አንዲት ስንዝር ቢሳሳት እጁ ከጎማው ሥር ይቀራል። የሾፌሩ ስም በየከተማው ሲነሣ፣ የቡናው ነጋዴ ስም በንግድ ቤቱ ግንባር ላይ ሲጻፍ፣ የረዳቱ ስም አይታወቅም ነበር። ‹ረዳት!› ተብሎ ይጠራል፣ ‹አቤት!› ይላል። ከቆይታ በኋላ፣ በመጋዘን ግቢ ውስጥ መኪናይቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ፣ ሾፌሩ በደግ ቀን በሜዳ ላይ መሪውን እየሰጠው፣ ነጂ ይሆናል። የእነዚያ ዘመን ሾፌሮች ትምህርት ቤታቸው ታኮ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ከፍ እያለ ሄዶ ‹አምስተኛ አለው› የተባለ ሰው፣ ተሳቢ መንዳት የተፈቀደለት በመሆኑ፣ በመቱ ቡና ቤት ከመምህር በላይ ይከበር ነበር። መምህር ነኝና ይህን በቅናት አውቀዋለሁ።

በዚያ መንገድ ላይ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ፣ ባዶውን የሚወርደው ዳር ይዞ ይቆምለታል፤ ምክንያቱም አንዴ የቆመ የጭነት መኪና በጭቃ ዳገት ላይ እንደገና አይነሣም። የተበላሸ መኪና አጠገብ ሳይቆሙ ማለፍ ነውር ነው። የሚያልፈው ሾፌር ካቻቢቴም ሆነ ካላማዳሪ ይሰጣል፤ ምንም ባይኖረው እንኳ ሲጋራ አቀብሎ መልእክት ይቀበላል። ከተበላሸው መኪና ፊትና ኋላ ቅርንጫፍ ተቆርጦ መንገድ ላይ ይጣላል፤ ቅጠል ያየ ሾፌር ከመታጠፊያው ወዲያ ችግር እንዳለ ዐውቆ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሾፌሩ በዚያ ላይ ፖስተኛ ነው፤ ከጅማ ደብዳቤ፣ ከአዲስ አበባ መድኃኒት፣ ለተማሪ ልጅ ብር ያደርሳል። የጠፋ ደብዳቤ አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ የዘገየ ግን ብዙ ነበር። እንደዚሁም አዲስ ዘፈን ወደ መቱና ጎሬ የሚደርሰው በሾፌር እጅ ነበር፤ በኋላ ጊዜ ካሴት ሲመጣ ጋቢናው ራሱ የሙዚቃ ቤት ሆነ።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረች። እስከዚያ ቀን መኪና የሚነዳው ግራን ይዞ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝን ይዞ ሆነ። ይህ ለአዲስ አበባ ትልቅ ጉዳይ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ለጎሬ መንገድ ግን ግራም ቀኝም አልነበረም፤ ጎማ የቆፈረው አንድ ጥንድ ቦይ ብቻ ነበር፤ ሁሉም በዚያው ይሄዳል፣ ሁሉም በዚያው ይመለሳል። ሰኔ ደግሞ የዝናም ወር ነውና፣ ዐዋጁ ከደረሰ በኋላ እንኳ የሚተገበርበት መንገድ እስኪደርቅ መጠበቅ ሳይኖርበት አልቀረም።

የከተማውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ጭማሪውን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። የዘመናት ዙፋን ያናወጠው ሕዝባዊ ማዕበል በእነዚያ ቀናት እየበረታ ሄዶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ለአያሌ ዓመታት የሕዝብ ዓይን ያረፈባቸው ረጃጅም የቤተ መንግሥት መኪናዎች ቆመው፣ አስተማሪና ጸሐፊ የሚነዳት ትንሿ ክብ መኪና የታሪክ መኪና ሆነች። መቱ ላይ ይህን ወሬ የሰማነው በሬዲዮ ነው፤ ያመንነው ግን ሾፌሮች መጥተው ሲነግሩን ነው።

በ1970 ዓ.ም. ገደማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። የመንግሥት መኪና ማቆሚያውም አብሮ ተዛወረ፤ ለጎሬ ልጆች ይህ ከቢሮዎቹ መሄድ የበለጠ ጉዳት ነበር። የሶቪየት ካማዝ፣ ዚል፣ ኡራልና ዋዝ የፊያትን ስፍራ ይጋሩ ጀመር። የግል ጭነት መኪናዎች በቀጠና ተደራጁ፤ ነዳጅ በኩፖን ሆነ። በአዲስ አበባ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡባቸው ፒካፕ ታክሲዎች ‹ውይይት› ተባሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ይደረግ ከነበረው የውይይት ስብሰባ የተወሰደ ቀልድ ነው። ቀልዱ ያለ ቅጣት ማለፉ ደግሞ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር።

በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ግን በዚህ መንገድ ላይ ያለፈው ቀልድ አልነበረም። በድርቅና በረኀብ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሠፍር፣ ኢሉባቦር ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። በፈቃዱ የመጣ ነበረበት፤ በግድ የተጫነም ነበረበት። ከነዚህ ገበሬዎች ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ መኪና ላይ የወጡት ያን ቀን ነው። እኛ ድምፁን ስንሰማ እየሮጥን የምንቀበለው መኪና ለእነርሱ ከቤተ ዘመድ የሚለይ፣ ልጅን የሚያሳምም፣ ሽማግሌን በመንገድ ላይ የሚያሳጣ ነገር ሆነ። መቱ ላይ ሲወርዱ ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት አሮጊት ከወረዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ የመኪናውን ጎን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፤ መሬቱ አሁንም የሚሄድ መስሎ ይታያቸው እንደነበር አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የመኪና ፍቅር ታሪክ ስጽፍ ይህን ብተወው ራሴን እታዘባለሁ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን ሁሉ አንባቢ በዓይኑ ያየው ነው። አይሱዙ መጣች፤ በላይዋ የአገር ውስጥ ባለሙያ አካል ቀጥቅጦ ሰው የሚጫንባት ስትሆን ‹ቅጥቅጥ› ተባለች። ይህ ስም በእኔ ግምት ከክብር ስሞች ሁሉ የላቀ ነው፤ የላሜራ ሠራተኛውን መዶሻ ያሰማልና። በቀረጥ ክብደትና በዕቃ እጥረት ምክንያት አንድ መኪና 30ና 40 ዓመት እንዲያገለግል ያደረጉት እነዚህ ባለ መዶሻዎች፣ በያጆችና ቀለም ቀቢዎች ናቸው። የአውቶቡሱን ጣሪያ በዘርፍ፣ መስተዋቱን በላስቲክ አበባ፣ ግንባሩን በቅዱሳን ሥዕል ወይም በመስጊድ ምስል የሚያስጌጠው እጅም ከሥነ ጥበብ ውጭ ነው የሚል ካለ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ።

ከቅጥቅጥ ቀጥሎ የቶዮታ ሚኒባስ መጣ፤ በኦሮሚያ መንገዶችም ‹አባዱላ› የሚል ስም ወጣለት። ስሙ የመጣው ከአንድ የታወቀ ጄኔራል ነው ይባላል። የቃሉን ሥር ለተመለከተ ግን ‹አባ ዱላ› በቀድሞው የጊቤ ነገሥታት ዘመን የጦር አዝማች መጠሪያ ነበር። ቀደም ብዬ ስለ ፈረስ ስም ያነሣሁት ለዚህ ነው። የአባ ጅፋር አገር ልጅ የሚሳፈርበትን ነገር ዛሬም በ‹አባ› ይጠራዋል፤ ፈረሱ ሲሄድ ስሙ ከኮርቻው ወርዶ ወደ ጋቢናው ገባ።

አስፋልት ሲመጣ ፍጥነት አብሮ መጣ። ከጅማ መቱ፣ ከመቱ ጋምቤላ የጠጠሩን መንገድ አስፋልት ተካው፤ የቡሬ ቁልቁለት የሰዓታት ጉዞ ሆነ። ይህን ያህል ዘመን ስንመኘው የኖርነው ነገር ነውና ማማረር አይገባም። ዳሩ ግን ጭቃው ያስተማረው ሕግ ከጭቃው ጋር ሄደ። ዛሬ ዳገት ለሚወጣ የሚቆምለት ጥቂት ነው፤ የመታጠፊያ ላይ ቀዳሚነት የወንድነት ምልክት ሆኗል። ቅጠል አሁንም መንገድ ላይ ይጣላል፤ ነገር ግን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚመጣ ነጂ ቅጠሉ የሚታየው ካለፈው በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ያለው የተሽከርካሪ ቁጥር 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል፤ ለዚህን ያህል ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነው። በመንገድ አደጋ በየዓመቱ የሚሞተው ግን ከ3000 በላይ ነው። ጥቂት መኪና ይዘን ብዙ ሰው የምንቀብር መሆናችን በመንገዱ ጥበት ብቻ የሚመካኝ አይደለም። ቀድሞ ነጂው ለዓመታት ታኮ ይዞ የመኪናይቱን ክብደት በራሱ እጅ ለክቶ ነበር መሪ የሚይዘው። የዛሬው ወጣት በጥቂት ወራት የመንጃ ፈቃዱን ሲቀበል ያ ክብደት ምን እንደሆነ የነገረው የለም። የቀድሞው ሥርዓት ጨካኝ እንደነበር አልክድም፤ እጁን ያጣ ረዳት አውቃለሁ። ረዳትነቱን አስቀርተን ዕውቀቱን ለማስቀረት ያልቻልንበት ምክንያት ግን ያሳስበኛል። በየከተማው የቀሩት አሮጌ ሾፌሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ የቴፕ መቅረጫ ይዞ አጠገባቸው የተቀመጠ ተመራማሪ ቢኖር ደስ ባለኝ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እየበዙ ነው። መቱ አጠገብ በሶር ወንዝ ላይ አነስተኛ የኃይል ማመንጫ አለና፣ ያ ዘመን የምናማርረው ዝናም የመኪና ቀለብ የሚሆንበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። እነዚህ መኪናዎች ድምፅ የላቸውም። ከዳገቱ ሥር ሲነሡ የሚያዳምጥ ልጅ ዓይነታቸውን ሊለይ አይችልም።

ባለፈው ጥቅምት ጎሬ ገበያ አጠገብ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሽቦ እያጠፈ መኪና ሲሠራ አገኘሁ። ጎማዎቹ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ነበሩ። ምን እንደቀረው ስጠይቀው ሥራውን ሳያቋርጥ በጣቱ እያመለከተ ነገረኝ፤ ጋቢናው አልቋል፣ ስፖንዳው ነገ ይሠራል፣ ለፓራውልቱ ግን ወፍራም ሽቦ አላገኘም።